ሽታ ለማይስማማት እህቴ

ነይ እስቲ፣ ባልዲውን አስቀምጪና አጠገቤ ቁጭ በይ። የበዓል ዋዜማ በመጣ ቁጥር የልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ከታች እስከ ላይ በረኪና በረኪና ሲል፣ አንቺ ነጠላሽን አፍንጫሽ ላይ ጥምጥም አድርገሽ እየሮጥሽ ስትወጪ አያለሁ። አንዱ «ሳይነስ ነው» ይልሻል፣ ሌላው «መሞላቀቅ ነው» ይልሻል። መሞላቀቅ አይደለም የኔ እናት። የጽዳት ዕቃ አስም ይቀሰቅሳል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ራስ ያሳምማል፣ ቆዳ ያሳክካል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ6,000 በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትለው ያወጡት ጥናት፣ ቤታቸውን ራሳቸው የሚያጸዱም ሆኑ በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች የሳንባቸው አቅም ከማያጸዱት ይልቅ ቶሎ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ሰውን ለማሳመን አትድከሚ፤ ቤትሽን ለአንቺ እንዲስማማ እናድርገው።

ከሁሉ በፊት ሽታን እንደ ንጽህና ማየት ይቅር። የሎሚና የጽጌረዳ ጠረን የተጨመረበት ሽቶ ነው፤ አንዲት ጠብታ ዘይት እንኳ ከድስት ላይ አያነሳም። የሎሚና የጥድ ጠረን የሚሰጠው ንጥረ ነገር አየር ላይ ካለው ኦዞን ጋር ሲገናኝማ ፎርማልዲሃይድ የሚባለውን ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ሣጥን ክፈቺና ፍሊቱን፣ ኤር ፍሬሽነሩን፣ ሽንት ቤት የሚንጠለጠለውን ባለቀለም ነገር፣ ልብስ መሃል የምትወሽቂውን ነጭ የናፍታሌን ኳስ አውጪ። ግማሹን ሳትነኪው ዓመት አልፎታል፣ አውቅሻለሁ።

የሚረጭ ነገር ከሚወለወል ይከፋል። ሲረጭ ጠብታው ይደቅና አየር ላይ ተንሳፍፎ ቀጥታ ወደ ሳንባሽ ይገባል። የግድ መርጫ ያለው ብልቃጥ ከሆነ የያዝሽው፣ ጨርቁ ላይ አፍስሺና በጨርቁ ወልውይ።

አሁን ወደ ደጉ ነገር እንምጣ። ለአብዛኛው ሥራ የሚበቃሽ ደረቅ የልብስ ሳሙና ነው፣ ሽቶ የሌለበት። ሱቅ ስትገዢ ወረቀቱን ሳትቀጂ ወደ አፍንጫሽ አስጠጊው፤ ከክንድሽ ርቀት ከሸተተሽ መልሺው። ቤት ስትገቢ በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቂና አንድ እፍኝ ያህሉን ሁለት ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ እስኪሟሟ አማስዪው። ሲበርድ እንደ አጥሚት ይወፍራል፤ አትደንግጪ፣ ትክክል ነው የሠራሽው። ከዚያ ላይ በማንኪያ እየቀነስሽ ዕቃ ታጥቢያለሽ፣ ሴራሚክ ትወለውያለሽ፣ የምድጃ ቅባት ታነሺያለሽ። አቼቶ ግን እንዳትጨምሪበት፤ ሳሙናው ይቋጥርና የማይጠቅም ነገር ይሆናል።

ለከረረ ነገር ቤኪንግ ሶዳ ያዢ። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፣ ዓይኔ፤ እሱ ለኬክ ነው፣ ስታርችና አሲድ አለበት። ያረረ ድስት ላይ ሶዳውን ነስንሺ፣ ሙቅ ውሃ አድርጊበት፣ ይደር፤ ጠዋት ያለ ብዙ ትግል ይለቃል። የአሉሚኒየም ድስት ላይ ግን አትሞክሪው፣ ያጠቁረዋል። ለማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት አቼቶ ወይም ሎሚ ይበቃል። የአቼቶው ሽታ ራሱ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ሎሚውን ያዢ፣ መስኮቱን ደግሞ ክፍት አድርጊ። ማርብል ላይ ሁለቱንም አታስነኪ፣ አሲድ ይበላዋል።

እዚህ ላይ ፈገግታዬን ትቼ ልንገርሽ። በረኪናን ከምንም ነገር ጋር አትቀላቅዪ፣ ከምንም! ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይኸው ጋዝ ነው እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር በተባለው ግንባር ወታደር የፈጀው። ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ክሎራሚን ይፈጥራል። አሞኒያውን ፍለጋ ሱቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሽንት ውስጥ አለ። የጋራ ሽንት ቤት በረኪና ሲደፋበት ዓይን የሚያስለቅሰውና ደረት የሚያፍነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማንም ያጽዳው፣ አስቀድሞ በብዙ ውሃ ይታጠብ። በድንገት ተቀላቅሎ መተንፈስ ካቃተሽ «ልጨርሰው» አትበይ፤ ሁሉን ጥለሽ ውጪና በሩንና መስኮቱን ክፈቺ፣ አየሩ እስኪጠራም አትመለሺ።

በረኪና ጨርሶ አይገባም አላልኩሽም። ቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት በሽተኛ ሲኖር ጀርሙን መግደል የግድ ይሆናል። ያኔ አንቺ ጎረቤት ሂጂ፣ ሌላ ሰው ያድርገው። ብልቃጡ ላይ 5 በመቶ የሚል ካለ፣ አንድ ሲኒ በረኪና በ49 ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ይበረዝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ጊዜ ለቤት ዕቃ ያዘዘው መጠን ይኸው ነው። በሙቅ ውሃ እንዳይሆን፣ ሽታው ይብሳል። የተበረዘው በማግስቱ አይሠራምና ለዕለቱ ብቻ ይዘጋጅ።

ምናልባት «5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ከየት አመጣለሁ?» ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው። መርካቶም ሆነ ሰፈራችን ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጠው በረኪናና ፈሳሽ ሳሙና ስምም፣ መጠንም፣ የተሠራበት ቀንም የለውም። ርካሽነቱን አውቃለሁ፣ ኑሮውንም አውቃለሁ። ግን ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር አንቺን ለመሰለ ሰው አይሆንም፤ መጠኑ ካልታወቀም ስንት ውሃ እንደምትጨምሪበት ማስላት አይቻልም። ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ ያለ በረኪና ለሕፃን ዓይን ውሃ ነው። ቤትሽ ልጅ ካለ ያንን ሃይላንድ ዛሬውኑ አስወግጂ፣ ነገ አትበይ።

ጽሑፍ ያለው ዕቃ ስታገኚ ሦስት ቃል ፈልጊ፣ አንዱን እንኳ ካየሽ መልሺው፦ ፓርፊዩም፣ ፍራግራንስ እና ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ። ሦስተኛው ጀርም የሚገድል ነው ተብሎ በየፈሳሹ ይጨመራል፣ አስም ያለበት ሰው ላይ ግን ሕመሙን ያስነሳበታል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ሽቶ ይዘሽልኝ ነይ ከማለት ይልቅ ሴፈር ቾይስ የሚል ምልክት ያለበትን፣ ያውም ሽቶ አልባ የሚለውን፣ አምጪልኝ በይ፤ ምልክቱን የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። ከአውሮፓ ከሆነ የኅብረቱን የአበባ ምልክት ያየሽበትን ያዢ። ምልክት አለው ብለሽ ግን በአንዴ ቤቱን ሁሉ እንዳታጥቢበት፤ ትንሹን ገዝተሽ አንዲት ጥግ ላይ ሞክሪና እስከ ማግስቱ ራስሽን አዳምጪ።

«ታዲያ ተፈጥሯዊውን ልጠቀም» እንዳትይኝ እንጂ! እንዶድን እንይ። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያነጡበት እንዶድ የኢትዮጵያ ኩራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ያ ነገር ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን የሚገድል መድኃኒት ወደማግኘት አደረሳቸው፤ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙበት። እንግዲህ አስቢው፣ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ተራ ነገር አይደለም። ሲወቀጥ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ተውጦ ደግሞ ይመርዛል። ለነጭ ልብስ የምትፈልጊው ከሆነ ወቅጦ የሚዘፈዝፍልሽ ሌላ ሰው ይሁን፤ አንቺ ልብሱ ታጥቦ ሲወጣ አስጪው።

የልብስ ነገር ከተነሳ፣ የዱቄት ሳሙናውን ከለመድሽው በግማሽ ቀንሺ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ዱቄት ጨምሮ በአንድ ሳፋ ውሃ ማለቅለቅ ሳሙናውን ልብሱ ላይ ማስቀረት ነው፤ አንገትሽና ብብትሽ የሚቀላው ከዚያ ነው። ውሃው የሚመጣበትን ቀን ጠብቂና ሁለቴ አለቅልቂ።

በረሮውን ደግሞ በፍሊት አታሳድጂው። ማታ ዕቃ ማጠቢያውን አድርቂ፣ ፍርፋሪውን ጥረጊ፣ እህሉን ክዳን ባለው ዕቃ ክተቺ፣ በቧንቧው ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ አስደፍኚ። ውሃና ምግብ ካጣ አይሰነብትም።

የዕጣኑ ነገር ይከብድሻል፣ ይገባኛል። ግንቦት ልደታ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሰንደሉና ዕጣኑ ሲጨስ ማን ጎረቤቱን «አጥፊልኝ» ይላል? አንቺ ግን ትያለሽ፣ በለሰለሰ አንደበት። ወይም ነፋሱ ጭሱን ከአንቺ በሚወስድበት በኩል ቁጭ ትያለሽ። የራስሽን ቡና ስታፈዪ ዕጣኑ ይቅር፤ ቀጤማው ብቻውን ቤቱን ያሳምረዋል። ከሰሉንማ በረንዳ ላይ አቀጣጥዪና ፍም ሲሆን እንኳ ወደ ተዘጋ ክፍል አታስገቢው፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፣ እሱ ደግሞ ጤነኛውንም ይገድላል።

ቤትሽ የምትሠራልሽ ልጅ ካለች ይኼ ሁሉ ለሷም ነው። ከአንቺ የበለጠ የምትተነፍሰው እሷ ናት፣ ስለማትናገር አይጎዳትም ማለት አይደለም። ጓንት ግዢላት፣ ሽንት ቤት ስታጸዳ በሩን ክፍት አድርጊላት፣ አሲድና በረኪና እንደማይገናኙ አስረጂያት። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴም አነጋግሪ፤ ደረጃው የሚታጠብበትን ቀን አስቀድመው እንዲነግሩሽና በበረኪና ፈንታ በሳሙና ውሃ እንዲያሳጥቡት ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጠያቂ በመጥፋቱ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ደረትሽ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ሌሊት ሳል የሚያስነሳሽ ከሆነ፣ ወይም የሚነፋ መድኃኒትሽን ከወትሮው አብዝተሽ መውሰድ ከጀመርሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ዓይንሽ ውስጥ ፈሳሽ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በወራጅ ውሃ እጠቢው፣ ከዚያ ሂጂ። ሰው በረኪና ወይም አሲድ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ጥሩ። ስትሄዱም ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምን እንደነበረበት ነው።