የማነጻጸር ድርሰት፦ አንድ ደሴት፣ ሁለት ማረፊያ

ባለፈው ትምህርት ስለ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። የማነጻጸር ድርሰት ከእርሱ የሚለየው ጸሐፊው በመጨረሻ መፍረድ ስላለበት ነው። ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ እንዲህ ነው፤ ያም እንዲያ ነው» ብሎ የሚያቆም ጽሑፍ ሁለት ገላጭ ድርሰቶች ናቸው እንጂ የማነጻጸር ድርሰት አይደለም። አንባቢው «ታዲያ የትኛው ይሻላል? ለማን? በምን ምክንያት?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ከጸሐፊው ይጠብቃል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ቤተሰብ እናስብ። አባትና እናት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አያት ናቸው። የሚኖሩት በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ነው። ለብዙ ወራት ያጠራቀሙት ገንዘብ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው በሃዋይ ደሴት ስድስት ሌሊት ለማደር ብቻ ይበቃቸዋል። ልጆቹ ባሕር ይሻሉ። አባት እሳተ ገሞራ ለማየት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኝ ኖሯል። እናት ሻንጣ መፍታትና እንደገና ማሰር ሰልችቷታል። አያቲቱን ደግሞ ደረታቸውን ያማቸዋል። ስድስቱን ሌሊት እንዴት ይከፋፍሏቸው? የሚቀጥለው ምንባብ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የተጻፈ ነው። በመጀመሪያ ሳታቋርጡ አንብቡት፤ በሁለተኛው ንባብ ግን ጸሐፊው የት ላይ እንደሚፈርድ እያስተዋላችሁ ሂዱ።

ምንባብ

የሃዋይ ደሴት 10,430 ስኩዌር ኪሎሜትር ያህል ስፋት አላት፤ ሌሎቹ የሃዋይ ደሴቶች ሁሉ ቢደመሩ እርሷን አያህሉም። የሠሯት እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ከባሕር ወለል የተነሡ አምስት እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከእነርሱ ከፍተኛው ማውና ኬያ 4,200 ሜትር ያህል ሲሆን ማውና ሎአ ከእርሱ በጥቂቱ ብቻ ያንሳል። እነዚህ ሁለት ተራሮች ደሴቲቱን እንደ ግድግዳ ይከፍሏታል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ቋሚ ነፋስ ከባሕር ያመጣውን እርጥበት በምሥራቁ ቁልቁለት ላይ ያራግፈውና ባዶውን ወደ ምዕራብ ይሻገራል። ስለዚህ በምሥራቅ ባለችው በሂሎ ከተማ በዓመት ከ3,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ሲዘንብ በምዕራቡ የኮሃላ ዳርቻ ከ300 ሚሊሜትር በታች ይዘንባል። በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ውስጥ መንገደኛው ከደን ወደ ምድረ በዳ ይገባል።

የባሕር መዝናኛዎቹ በዚያው በደረቁ ዳርቻ መሰለፋቸው እንግዲህ አያስደንቅም። ሎራንስ ሮክፌለር በዚህ ጠረፍ የመጀመሪያውን ትልቅ ሆቴል በ1965 እ.ኤ.አ. ሲያስከፍት አካባቢው ጥቁር አለት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በሃፑና ነጭ አሸዋ ላይ ልጆች ሲራወጡ ይውላሉ፤ ውሃው የጠራ ነው፤ ፀሐይዋ አትታክትም። ባሕሩ ማዕበል በሚበዛበት በክረምት ወራት ግን ሕፃናትን ከዓይን ማራቅ አይገባም።

ምሥራቁ ሌላ ዓለም ነው። ከሂሎ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ወደ ላይ ሲወጡ በ1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የኪላዌያ አፍ ይገኛል። በ1916 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ ይህን ስፍራ ይጠብቃል። ሌሊቱ ብርዳም፣ ቀኑም ብዙ ጊዜ ጉምና ካፊያ የማይለየው ነው፤ ለባሕር የተዘጋጀ ልብስ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ከእሳተ ገሞራው አፍ አጠገብ የሚነሣ አንድ መንገድ 30 ኪሎሜትር ያህል ቁልቁል ተጉዞ ባሕሩ ዘንድ ሲደርስ የቀለጠ አለት ፈስሶ በደረቀበት ስፍራ ድንገት ይቆማል። መንገዱ አላለቀም፤ ተቀብሯል።

ኪላዌያ እንግዳ መጣ ብሎ አይፈነዳም። ከ1983 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ለ35 ዓመታት ያህል በምሥራቃዊ ጎኑ ሲፈስ ኖረ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. የካላፓና መንደር ከላቫ በታች ዋለ። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምድሪቱ በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል ተሰንጥቃ ከ700 የሚበልጡ ቤቶች ወደሙ፤ ፓርኩም አብዛኛው ክፍሉ ለአራት ወራት ያህል ተዘጋ። በእነዚያ ወራት እሳተ ገሞራውን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ የነበረ መንገደኛ በሩ ተዘግቶ አገኘው፤ የሰፈሩ ሰው ግን የሚመለስበት በር አልነበረውም። ጎብኚ ይህን ልዩነት ሊረሳ አይገባውም። በሃዋይ ነባር ሕዝብ እምነት የእሳተ ገሞራው አፍ የፔሌ መኖሪያ ነው፤ ከፓርኩም አንዲት ድንጋይ እንኳ መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በ2025 እ.ኤ.አ. የቀጠለው ፍንዳታ ጠባዩ ሌላ ነበር። የቀለጠው አለት ለጥቂት ሰዓታት ወደ ሰማይ እንደ ምንጭ ይወረወርና ለብዙ ቀናት ዝም ይላል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ብቻ የሄደ ሰው ጢስ አይቶ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነበር።

እዚህ ላይ «መኖሪያችንን በኮሃላ አድርገን አንድ ቀን ብቻ ወደ ኪላዌያ ደርሰን ብንመለስስ?» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ገንዘብና ሻንጣ ያድናል። ነገር ግን መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መንገዱም በሁለቱ ታላላቅ ተራሮች መካከል እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ቀሪው ችግር ደግሞ ከርቀቱ ይብሳል፤ የቀለጠ አለት በቀን ብርሃን ደብዛዛ ነው፤ የሚደምቀው ሌሊትና ጎሕ ሳይቀድ ነው። የቀን መንገደኛ መኪናውን አስነሥቶ በሚመለስበት ሰዓት ለማየት የመጣበት ነገር ገና መጀመሩ ነው። ሁለት ልጆች በኋላ ወንበር ተኝተው፣ አባት በጨለማ ጉም ውስጥ ሲነዳ የሚገኘውን ደስታ ዕረፍት ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

እንግዲህ ሁለት ሌሊት ለኪላዌያ፣ አራት ሌሊት ለኮሃላ ቢሰጥ ይሻላል። ቅደም ተከተሉም ኪላዌያን አስቀድሞ ይሁን። ከአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የመጣ ሰው በሰዓቱ ልዩነት ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይቀሰቅሱት በሌሊት ይነቃል፤ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ገደሉ አፋፍ ለመድረስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በሂሎ አየር ማረፊያ ገብተው በኮና አየር ማረፊያ ቢወጡ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ አይመላለሱበትም፤ እናትም ሻንጣ የምታስረው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

የቀረው የአያቲቱ ጉዳይ ነው። ከኪላዌያ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ደረታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ጎጂ ነው። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር በመቀመጥ ብቻ ከእርሱ ማምለጥ አይቻልም፤ ያው ነፋስ ጭጋጉን በደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ አዙሮ ወደ ኮና ያደርሰዋልና። አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በየዕለቱም ስለ አየሩ ሁኔታ የሚወጣውን ማስታወቂያ ይመልከቱ። አየሩ በከፋ ጊዜ በሂሎ ከተማ የሚቆዩበት ቤት ቢዘጋጅላቸው የአባትየው ምኞትም የእርሳቸውም ጤና ይጠበቃል።

ስለ ምንባቡ

ጸሐፊው ሁለቱን ስፍራዎች ከመለየቱ በፊት የሚያገናኛቸውን ነገር አስቀደመ፤ ይኸውም ደሴቲቱ በሙሉ የእሳተ ገሞራ ሥራ መሆኗ ነው። ከዚህ ይልቅም ሊገፋበት ይችል ነበር። የኮና አየር ማረፊያ ራሱ የተሠራው ሁዋላላይ የተባለው እሳተ ገሞራ በ1801 እ.ኤ.አ. ባፈሰሰው ላቫ ላይ ነው። ባሕርና እሳተ ገሞራ ብሎ መክፈል ለአነጋገር ያመቻል እንጂ መሬቱ እንዲህ ያለ ድንበር አያውቅም። የሚመሳሰሉበት የሌላቸውን ነገሮች ማነጻጸር ትርፍ የለውም፤ የአፋሩን ኤርታ አሌን ከኪላዌያ ጋር ብታነጻጽሩ ግን ብዙ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም ጎናቸው ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ቀጭን ላቫ የሚያፈስሱ ናቸውና።

የማነጻጸሪያ ዐረፍተ ነገር አሠራር

አሁን ወደ ሰዋስዉ እንመለስ። በአማርኛ የዐረፍተ ነገሩ ክብደት የሚያርፈው በመጨረሻው ማሰሪያ ግሥ ላይ ነው። ይህን የዘነጋ ጸሐፊ ሳያውቀው የማያምንበትን ይፈርዳል። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

ሀ) ኪላዌያ ቢያስደንቅም ይበርዳል።
ለ) ኪላዌያ ቢበርድም ያስደንቃል።

እውነቱ አንድ ነው፤ የተጨመረም የተቀነሰም ነገር የለም። ነገር ግን «ሀ»ን የሰማ ሰው ይቀራል፤ «ለ»ን የሰማ ሰው ካፖርቱን ይዞ ይሄዳል። «ቢ-…-ም» የገባበት ግሥ «ይህንንስ አምኛለሁ» ብሎ የሚለቅ ነው፤ ጸሐፊው የሚቆምለት ነገር በማሰሪያው ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት የምትለቁትንና የምትይዙትን ለዩ።

«ሲሆን» ግን እንዲህ አያደርግም። «የኮሃላ ዳርቻ ደረቅ ሲሆን የሂሎ አካባቢ ዝናባም ነው» ብንል ሁለቱን በእኩል ሚዛን አስቀመጥን እንጂ አልፈረድንም። ምንባቡ ስለ ተራሮቹ ከፍታ ሲናገር «ሲሆን»ን ተጠቀመ፤ ምርጫው ዘንድ ሲደርስ ግን ተወው። ብዙ ተማሪዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በ«ሲሆን» ይጽፋሉ፤ አንባቢውም ድርሰቱን ጨርሶ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳያውቅ ይቀራል።

«እንጂ» ከሚያያይዛቸው ሁለት ሐሳቦች አንዱ አዎንታ ሌላው አሉታ መሆን አለበት። «ባሕሩ ያምራል እንጂ እሳተ ገሞራውም ያምራል» ማለት ስሕተት ነው፤ «ባሕሩ ብቻ አይደለም እንጂ የሚያምረው፣ እሳተ ገሞራውም ያምራል» ማለትም የተንዛዛ ነው። «የሚያምረው ባሕሩ ብቻ አይደለም፤ እሳተ ገሞራውም ያምራል» ቢባል ይበቃል።

የአማርኛ ቅጽል ሲነጻጸር ቅርጹን አይለውጥም፤ ልዩነቱን የሚያመለክቱት «ከ»ና «ይልቅ» ወይም ግሡ ራሱ ነው። «ማውና ኬያ ከማውና ሎአ ይልቅ ከፍተኛ ነው» ወይም «ማውና ኬያ በከፍታ ከማውና ሎአ ይበልጣል» እንላለን። «ከማውና ሎአ ይልቅ ይበልጥ በጣም ከፍተኛ ነው» የሚለው ግን ሦስት ጊዜ ጮኾ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። «ይሻላል» የሚለውንም ግሥ «ለ»ን ሳታስቀድሙ አትጻፉት። «ኮሃላ ይሻላል» ያልተጨረሰ ሐሳብ ነው፤ «መዋኘት ለሚወዱ ልጆች ኮሃላ ይሻላል» ሲባል ግን ሊስማሙበትም ሊከራከሩበትም የሚቻል ፍርድ ይሆናል።

መልመጃ

1. «ሁለት ሌሊት በኪላዌያ ማደር ገንዘብ ያስወጣል» እና «ሁለት ሌሊት በኪላዌያ ማደር የሌሊቱን ብርሃን ያሳያል» የሚሉትን ሐሳቦች በ«ቢ-…-ም» አያይዙ። በመጀመሪያ ለአባት፣ ቀጥሎ ለእናት የሚስማማ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ጻፉት።

2. የሚከተለውን አንቀጽ አርሙ። «ባሕሩ በጣም ያምራል። እሳተ ገሞራውም በጣም ያምራል። ባሕሩ ሞቃት ሲሆን እሳተ ገሞራው ብርድ ሲሆን ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ስለዚህ ሰው የፈለገውን ይመርጣል።» ስታርሙ ጉድለቱ የቋንቋ የሆነበትንና የሐሳብ የሆነበትን ቦታ ለይታችሁ አመልክቱ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ቢሆንም መታረም ያለበት ለምንድን ነው?

3. አያቲቱ ዕቅዱን አልተቀበሉትም እንበል። ከምንባቡ እውነቶች አንዱንም ሳትለውጡ፣ አዲስም ሳትጨምሩ፣ ስድስቱም ሌሊት በኮሃላ እንዲሆን አያቲቱ ለልጃቸው የሚጽፉትን ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው የእናት መሆኑ ከአነጋገሩ ይታወቅ፤ የልጃቸውን የረጅም ጊዜ ምኞትም ሳይጠቅሱ አይለፉት።