ከነቡትቶው የታቀፈው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ከቁጥር 11 ጀምሮ የተጻፈውን የጠፋውን ልጅ ምሳሌ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከሕፃናት ክፍል ጀምረን ስንሰማው አድገናል። እንዲያውም በጣም ስለምናውቀው፣ አንባቢው ገና ሲጀምር እኛ በልባችን ጨርሰን እንጠብቀዋለን። ስለዚህ ዛሬ ምሳሌውን በአንድ ሥዕል በኩል አብረን ብንመለከተው መልካም መስሎ ታየኝ፤ ሥዕል ዝም ብሎ ስለሚቆም ተመልካቹም አብሮት ለመቆም ይገደዳልና።

ሥዕሉ የሆላንዳዊው ሠዓሊ የሬምብራንት ነው። ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1606 በላይደን ከተማ ተወልዶ በ1669 በአምስተርዳም የሞተ ሲሆን፣ የጠፋውን ልጅ መመለስ የሚያሳየውን ይህን ሥዕል የሣለው በዕድሜው መጨረሻ በ1660ዎቹ ዓመታት ነው። ዛሬ የሚገኘው በሩስያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ፣ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ነው። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ስለሆነ በፊቱ የሚቆም ሰው የራሱን ቁመት የሚያህሉ ሰዎች ያያል። እኔ ግን ያየሁት በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ በአንድ የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ፣ ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ቅጂ ነው። የማባዣ መኪናችን ሥዕል ስለማያወጣም በቃላት ልግለጸው።

«የፈረንጅ ሥዕል ለእኛ ምን ያደርግልናል? የራሳችን ቅዱሳት ሥዕላት የሉንምን?» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ሥዕል ተባርኮ በቤተ መቅደስ የተሰቀለ አይደለም፤ በፊቱም አንሰግድም። አንድ ሰው ወንጌልን አንብቦ የተረዳውን በቀለም የጻፈበት ገጽ ነው ብንል ይበቃናል።

በሥዕሉ በስተግራ፣ ብርሃን በወደቀበት ስፍራ፣ ሽማግሌው አባት ቀይ ካባ በትከሻው ጥሎ ቆሟል። ልጁ በፊቱ ተንበርክኮ ራሱን ከአባቱ ደረት ላይ አስጠግቷል። ጀርባውን ለእኛ ስለሰጠን ፊቱ የሚታየን በከፊል ብቻ ነው። ልብሱ ተቦጫጭቋል። የግራ እግሩ ከጫማው ወጥቶ የውስጥ እግሩ ይታያል፤ የቀኙ ጫማም አልቆ ተረከዙን አይሸፍንም። ጠጉሩ ተላጭቷል። ለሆላንዶች ይህ የእስረኛ ወይም የባሪያ መልክ ይመስላቸው ይሆናል። በእኛ አገር ግን የተላጨ ራስ የሐዘን ምልክት ነው። ልጁ አባቱ በሕይወት ሳለ ውርሱን መጠየቁ አባቱን እንደ ሞተ መቁጠሩ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሞቶ ነበር የሚባለው እርሱ ራሱ ነው። ለእኔ የራሱን ሐዘን ተቀምጦ የመጣ ይመስለኛል።

የአባትዮው ሁለት እጆች በልጁ ጀርባ ላይ ተዘርግተዋል። ሁለቱ አይመሳሰሉም፤ አንደኛው ሰፊና ጠንካራ፣ ሌላው ቀጠን ያለና ለስላሳ ነው። አንዱ የአባት፣ አንዱ የእናት እጅ ነው የሚሉ ብዙ ተመልካቾች አሉ። ሠዓሊው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን፣ ሁለቱም እጆች አይገፉም፣ አይጎትቱምም፤ ዐርፈዋል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሥዕል ላስታውሳችሁ። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያናችን አሣሣል ቅዱሳን ብዙውን ጊዜ በሙሉ ፊት፣ ሁለት ዐይናቸው እየታየ ይሣላሉ። አጋንንት፣ የጌታ ሰቃዮች፣ አንዳንድ ጊዜም ይሁዳ፣ በጎን ተሥለው አንድ ዐይን ብቻ ይታይባቸዋል። በዚህ ሥርዐት ዐይኑን ያሠለጠነ ምእመን የሬምብራንትን ሥዕል ቢያይ፣ ፊቱ በጎን የሚታየውን የተንበረከከውን ልጅ ከክፉዎች ወገን ይቆጥረው ነበር። ቢቆጥረውም አልተሳሳተም፤ ልጁ ራሱ በደልሁ ብሏልና። ነገር ግን ያ የአንድ ዐይን ፊት ያለው በአባት ደረት ላይ ነው።

ሠዓሊው ይህን ምሳሌ በወጣትነቱም ሞክሮት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1635 ገደማ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ የጠፋውን ልጅ በመጠጥ ቤት ሣለ። ለልጁ የሰጠው መልክ የራሱን ነው፤ ባለ ላባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሰይፍ ታጥቆ፣ ብርጭቆ ከፍ አድርጎ ይስቃል፤ በጭኑ የተቀመጠችውም ሚስቱ ሳስኪያ ናት። ያ ሥዕል ዛሬ በጀርመን አገር በድሬስደን ይገኛል። ሳስኪያ በ1642 ሞተች። በ1656 ሠዓሊው በዕዳ ከሰረ፤ ኋላም ቤቱና ንብረቱ ተሸጠ። ለአካለ መጠን የደረሰ ብቸኛ ወንድ ልጁ ቲቶ በ1668 ሞተ፤ በዓመቱም ራሱ ሬምብራንት ተከተለው። በኋለኛው ሥዕል ላይ ሳቁም ብርጭቆውም የለም። ከቡትቶው ላይ ግን አንዲት አጭር ጎራዴ አሁንም በልጁ ወገብ ተንጠልጥላለች። ሁሉን ሽጦ በልቶ ይህችን ያስቀራት፣ የማን ልጅ እንደሆነ የምታስታውሰው እርሷ ብቻ ስለሆነች ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በወንጌሉ አባትዮው ከሁሉ የተሻለውን ልብስ፣ ቀለበትና ጫማ እንዲያመጡ ያዛል። በሥዕሉ ግን ልብሱ የታለ? አልመጣም። ቀለበቱም ጫማውም የለም። ሬምብራንት የመረጠው ልብሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው። ወንጌሉንም ገልጠን ብናየው ቅደም ተከተሉ እንደዚሁ ነው። አባቱ ከሩቅ አይቶት አዘነለት፣ ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ ልጁ ኑዛዜውን የተናገረው ከዚህ በኋላ ነው። በአገራችን ባህል በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ከተበዳይ እግር ይወድቃል፤ ተበዳይም እንደ ወጉ ጥቂት እምቢ ይላል። ይህ አባት ሽማግሌ አልጠበቀም፤ ሽማግሌው ራሱ ሮጠ። ልጁ በመንገድ ሲያጠናው የመጣውን፣ እንደ ሞያተኛ ቁጠረኝ የሚለውን ልመና እንኳ አላስጨረሰውም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሆነ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ያህል ርቆ የነበረ፣ ስለ እርሱም ብዙ የተወራበት ወጣት አንድ እሑድ ተመልሶ መጣ። ከጉባኤው በኋላ ውይይት ተደረገ፤ የውይይቱም ርእስ ልብስ ነበር። የመዝሙር ልብሱ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው? ስንት ወር ከኋላ ይቀመጥ? ይቅርታ በጽሑፍ ያቅርብ ወይስ በጉባኤ ፊት? ሁሉም በቅንነት ተናገረ፤ ደንቡም ተነበበ። እርሱ በደጅ በኩል ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ወደ እርሱ ሄዶ «እንኳን መጣህ፤ እናትህ እንዴት ናቸው?» ያለው አልነበረም። ሦስት እሑድ መጣ። በአራተኛው ቀረ።

ደንብ አያስፈልግም አልልም። ቤተ ክርስቲያን ንስሐን ከነቀኖናው ሠርታልናለች፤ ቀኖና የሚሰጠው ግን የንስሐ አባት ነው እንጂ የእኛ ስብሰባ አይደለም። የመዝሙር ልብሱስ ስድስት ወር ቢቆይ ምን ችግር አለው? የሥዕሉም ልጅ ገና አልለበሰም። የታቀፈው ከነቡትቶው ነው።

በሥዕሉ በስተቀኝ ረጅም ሰው ቆሟል፤ ብዙዎች ታላቅ ወንድሙ ነው ይላሉ። እንደ አባቱ ቀይ ካባ ለብሷል፤ በፊቱም ላይ ብርሃን አለ። እጆቹን ግን በበትሩ ላይ አነባብሮ ይዟል። የአባትዮውን የተዘረጉ እጆችና እነዚህን የተያያዙ እጆች አስተያዩአቸው። በወንጌሉ ታላቁ ልጅ በዚያች ሰዓት እርሻ ላይ ነበር፤ ሠዓሊው ግን አምጥቶ እንዲያይ አቆመው። የእኛ ቦታ የቱ ጋ ነው ብንል፣ አብዛኞቻችን ከቤት ያልወጣን፣ ጾሙን የጾምን፣ መዝሙሩን ያጠናን ነን። ታላቁ ልጅ ሲቆጣ ወንድሜ ብሎ አልጠራውም፤ የአባቱ ልጅ ብቻ አደረገው። ገንዘቡንም ከጋለሞቶች ጋር ጨረሰው አለ፤ ይህን ግን ማን ነገረው? ምሳሌው ሲጀምር በብክነት መኖሩን ብቻ ነው የሚነግረን። የጎደለውን ዝርዝር የሞላው ቤት የቀረው ወንድም ነው። የእኛም ሐሜት እንደዚህ ይሠራል።

አባትዮው ግን እርሱንም አልተቆጣውም። ድግሱን ትቶ ወደ ውጭ ወጣና ለመነው። ለታናሹ አንድ ጊዜ፣ ለታላቁ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከቤቱ ወጣ። ታላቁ ይግባ አይግባ ወንጌሉ አይነግረንም። ምሳሌው ሲያበቃ ልጁ በደጅ እንደ ቆመ ነው፤ የሚለምነው አባቱም በደጅ ነው።

ያ በአራተኛው እሑድ የቀረው ወጣት ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። መንገዱንም ከዚያ ጉባኤ ብዙዎች ያውቁታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።