በጆሮው የተማረ ሰው

ልጆች ሆይ፤ ከላሊበላ ከተማ በላይ በተራራው ላይ፥ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ከዐለት የተፈለፈለች አሸተን ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። በንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን እንደ ተሠራች በትውፊት ይነገራል። ወደ እርስዋ የሚወስደው መንገድ አቀበቱ የበረታ ነው፤ የዜማም ትምህርት እንዲሁ ነው።

በዚያ አገር ዜማ የሚማር ልጅ አስቀድሞ የሚማረው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። መሪጌታው ያዜማል፥ ልጁም ይቀበላል፤ ቢስት ይታረማል፥ እንደ ገናም ይጀምራል። የዜማ ምልክት በብራና ላይ ተጽፎ መገኘቱ እርግጥ ነው፤ ይህንም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (በፈረንጆች ቍጥር ከ1540 እስከ 1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ሊቃውንት ያስተምራሉ። ነገር ግን ምልክቱ የሚጠቅመው ዜማውን ከመምህር አፍ ለሰማ ሰው ነው። ላልሰማው ከቃሉ በላይ የተቀመጠ ትንሽ ፊደል ብቻ ነው።

የአገራችን ካህናት አርጋኖን የተባለውን የእመቤታችንን ምስጋና በሳምንቱ ዕለታት ከፍለው ይጸልዩበታል። ይህ ስም ከጽርዕ ቋንቋ የመጣ የዜማ ዕቃ ስም ነው፤ ፈረንጆችም ዕቃውን ኦርጋን ይሉታል። በአሸተን ማርያም ከበሮና ጸናጽል ይበቃል፥ ኦርጋን የለም። በጀርመን አገር አብያተ ክርስቲያናት ግን ከቤቱ ግድግዳ የማያንስ ታላቅ ኦርጋን ይቆማል። እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ መሣሪያ ነፋስን ወደ ብዙ ቧንቧዎች ይሰዳል፤ ቧንቧው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል፥ ሲያጥር ይቀጥናል። የሚጫወተውም ሰው በሁለት እጁ ብቻ ሳይሆን በሁለት እግሩም ይሠራል።

በዚያ አገር ምእመናን ሁሉ በአንድነት የሚዘምሩት መዝሙር ኮራል ይባላል። ሕዝቡ ሳይዘምር በፊት ኦርጋን የሚመታው ሰው ያንኑ ዜማ ሌሎች ድምፆች አጅበውት ያሰማል፤ ይህም የኮራል መቅድም ነው። ዮሐን ሴባስትያን ባኽ (1685–1750) ለጀማሪ ተማሪ መማሪያ እንዲሆን የእነዚህን መቅድሞች መጽሐፍ ጻፈ። 164 ሊያደርጋቸው አስቦ 46 ብቻ ፈጸመ፤ በቀሩት ገጾች ብዙውን ጊዜ የመዝሙሩ ስም ብቻ ተጽፎ ቀረ። ስሙ ትንሽ የኦርጋን መጽሐፍ ነው፤ ለሚማረው ግን ትንሽ አይደለም። ብዙ ጊዜ አራት ድምፆች በአንድነት ይሄዳሉ፥ እያንዳንዱም የራሱ መንገድ አለው።

ይህ ሁሉ በወረቀት የተጻፈ ነው። ወረቀቱን ማየት የማይችል ሰውስ ምን ያድርግ?

ሄልሙት ቫልኻ በ1907 በላይፕሲግ ከተማ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ የዓይኑ ብርሃን ፈጽሞ ጠፋ። ኦርጋኑን ግን አልተወም። እናቱ፥ በኋላም ሚስቱና ሌሎች ሰዎች፥ ከአራቱ ድምፆች አንዱን ብቻ ለይተው ይጫወቱለት ነበር። እርሱም ያን አንዱን ሰምቶ በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያም ሁለተኛውን፥ ሦስተኛውን፥ አራተኛውን። ሁሉን ለየብቻ ካወቀ በኋላ በእጁና በእግሩ ያጋጥማቸዋል። ዐይናማው ፈጥኖ የሚያልፈውን መካከለኛ ድምፅ እርሱ እንደ ዋናው ዜማ ያውቀው ነበር። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነው። ዓርባ ዓመት ሲሞላው የባኽን የኦርጋን ሥራ በቃሉ ይዞ እንደ ነበር ይነገርለታል።

በዚያን ጊዜ ጦርነቱ ገና ማለፉ ነበረ፤ ብዙ ታላላቅ ኦርጋኖችም ተቃጥለው ነበር። ስለዚህ ከ1947 እስከ 1952 ድረስ በሊዩቤክ ከተማና ካፐል በምትባል ትንሽ መንደር ተቀምጦ ሲጫወት ድምፁ ተቀዳ። የካፐሉ ኦርጋን በ1680 የተሠራ ነው። ሥራውም በሸክላ ወጥቶ በሩቅ አገር ተሰማ። ሸክላ ድምፅን ይጠብቃል፤ የተማሪን ጣት ግን አያሠለጥንም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድምፅን በግራና በቀኝ ለይቶ የሚይዝ መቅጃ ተገኘ። ቫልኻም የፊተኛው ይበቃኛል አላለም፤ በ1956 በሆላንድና በፈረንሳይ አገር ባሉ ኦርጋኖች ሥራውን እንደ ገና መቅዳት ጀመረ። በ1971 ሲፈጽም ዕድሜው ከሥልሳ አልፎ ነበር።