ምዕራፍ 7፦ መዶሻው ካረፈ በኋላ የሚመጣው ሂሳብ

የአፄ ምኒልክ የብር ገንዘብ በአሜሪካ አጫራች ድርጅቶች የሳንቲም ሽያጭ ላይ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ፓሪስ የተቀረጸ ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ይሆናል። በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘ አንበሳ አለበት። ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈው በግእዝ ቁጥር በመሆኑ ከተጫራቾቹ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኖ ሽያጩን በስልኩ የሚከታተል ሐበሻ ግን ገና ሲያየው ያነበዋል፤ ልቡም ይነካል። ልብ ሲነካ ደግሞ እጅ ይፈጥናል። እኔ የአገራችን ሰው የአገሩን ታሪክ የያዘ ዕቃ ገዝቶ ቤቱ ቢያስቀምጥ ደስ ይለኛል። ሳያውቀው ከአቅሙ በላይ ከፍሎ እንዲቆጭ ግን አልፈልግም።

እንበልና 1,000 ዶላር ጠርተው አሸነፉ። አጫራቹ መዶሻውን መታ፣ ዕቃው የእርስዎ ሆነ። በኢሜይል የሚደርስዎ ኢንቮይስ ግን 1,000 ዶላር አይልም። በመጀመሪያ “ባየርስ ፕሪሚየም” የሚባለው የገዢ ኮሚሽን ይጨመራል፤ 20 በመቶ ቢሆን 200 ዶላር ነው። ቀጥሎ የሽያጭ ታክሱ ይመጣል። ሜሪላንድ የሚኖሩ ከሆነ 6 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ታክሱ የሚሰላው በጠሩት 1,000 ላይ ሳይሆን ኮሚሽኑ በተጨመረበት 1,200 ላይ ነው፤ ስለዚህ 72 ዶላር ይሆናል። ለመላኪያና ለኢንሹራንስ 25 ዶላር ቢጠየቁ ድምሩ 1,297 ዶላር ይደርሳል። በክሬዲት ካርድ ለመክፈል ካሰቡና ድርጅቱ 3 በመቶ የካርድ ክፍያ የሚያስከፍል ከሆነ ደግሞ ሌላ 39 ዶላር አለ። “በሺህ ዶላር ገዛሁት” ያሉት ዕቃ 1,336 ዶላር አወጣ ማለት ነው።

ሰው አብዝቶ የሚያማርረው በታክሱ ነው። ኪስ የሚጎዳው ግን ከታክሱ ይልቅ ኮሚሽኑ ነው። ይህ ኮሚሽን ድሮ የነበረ ልማድ አይደለም፤ ለንደን ውስጥ ክሪስቲስና ሶዝቢስ የተባሉት አጫራች ድርጅቶች በ10 በመቶ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ እየጨመረ መጣ። ሶዝቢስ በ2024 ለአብዛኛው ዕቃ ወደ 20 በመቶ ዝቅ አድርጎት ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው በፌብሩዋሪ 2025 እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ለሚሸጥ ዕቃ 27 በመቶ አደረገው። ሌሎች ድርጅቶች የየራሳቸው ተመን አላቸው። በዚያ ላይ በድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ሳይሆን ብዙ አጫራቾችን በአንድ ላይ በሚያስተናግድ የኢንተርኔት መድረክ በኩል ከተጫረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይጨመርብዎታል። ያው ዕቃ፣ ያው ሰዓት፣ ያው መዶሻ ነው፤ የገቡበት በር ብቻ ዋጋውን ይለውጠዋል። ስለዚህ በቀጥታ ከድርጅቱ ጋር ይመዝገቡ። ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ጀማሪን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። ከሽያጩ በፊት ካታሎጉ ላይ የሚወጣው ግምት በአብዛኛው ኮሚሽን የሌለበት ነው፤ ከሽያጩ በኋላ ይፋ የሚሆነው ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ኮሚሽኑን ይጨምራል። ግምቱ ከ800 እስከ 1,000 የነበረ ሳንቲም “በ1,080 ተሸጠ” ሲባል ከግምቱ ያለፈ ይመስላል፤ በ20 በመቶ ኮሚሽን ሲመነዘር ግን መዶሻው የወረደው 900 ላይ ነው። የቆዩ ሽያጮችን አይተው ዋጋ የሚያጠኑ ከሆነ ሁለቱን አይደባልቁ። ያለፈውን 1,080 አይተው እርስዎም 1,080 ከጠሩ ኮሚሽኑን ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው።

ታክሱን የሚወስነው ምንድን ነው?

ድሮ ከሌላ ስቴት በፖስታ ወይም በኢንተርኔት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ታክስ አይጠየቅም ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 በሰጠው ውሳኔ መሠረት በስቴቱ ውስጥ ቢሮም ሆነ መጋዘን የሌለውን ሻጭ ታክስ ሰብስብ ብሎ ማስገደድ አይቻልም ነበርና። ይህ የተለወጠው በጁን 2018 ነው። ሳውዝ ዳኮታ ዌይፌር ከተባለው የኢንተርኔት የቤት ዕቃ ሻጭ ጋር በተከራከረበት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለስቴቱ ፈረደ። ሳውዝ ዳኮታ ያስቀመጠው መለኪያ በስቴቱ ውስጥ በዓመት 100,000 ዶላር ወይም 200 ሽያጭ ነበር፤ ሌሎች ስቴቶችም ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ዛሬ ዳላስ ያለ ትልቅ አጫራች ድርጅት ዕቃውን ወደ ሜሪላንድ ሲልክ የሜሪላንድን ታክስ ያስከፍላል። ወሳኙ ዕቃው የሚደርስበት አድራሻ ነው።

የዕቃው ዓይነትም ይለያል። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ፣ ዋጋቸው ምንም ያህል ቢሆን፣ መንግሥት ለመገበያያ ያወጣቸውን ሳንቲሞች ከሽያጭ ታክስ ነፃ አድርጋለች። ቴምብር ግን በዚህ ውስጥ አይገባም። እንግዲህ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው የምኒልክን ብር ያለ ታክስ ሲገዛ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰባት የኢትዮጵያ ቴምብሮች ቢገዛ 6 በመቶ ይከፍላል። ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና ጌጣጌጥም እንደዚሁ ታክስ አለባቸው። ቀለበት ተበይዶለት የአንገት ጌጥ የሆነ ሳንቲም ካጋጠመዎት ደግሞ ድርጅቱ በየትኛው ወገን እንደሚመድበው አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከአሌክሳንድሪያ ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ ሕጉ ሌላ ነው። ቀድሞ ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ የሳንቲም ግዢ ነፃ ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ባልቲሞር ኮንቬንሽን ማዕከል ውስጥ ከሚደረግ ሽያጭ በስተቀር ይህ ቀርቷል። ቴክሳስ በበኩሏ ሳንቲምን ነፃ ታደርጋለች። ሕጉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከሁለት ዓመት በፊት ጓደኛዎ የነገረዎትን አይመኑ፤ የስቴትዎን የታክስ መሥሪያ ቤት ገጽ ራስዎ ይክፈቱ።

“የአክስቴ ልጅ ደላዌር አለች፣ እሷ ጋ ይላክልኝ” የሚል ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ደላዌር በእርግጥ የሽያጭ ታክስ የላትም፤ ኦሪገን፣ ሞንታናና ኒው ሃምፕሻየርም እንዲሁ። ነገር ግን ዕቃው ተመልሶ እርስዎ ቤት ከገባ የስቴትዎ “ዩዝ ታክስ” ይጠብቅዎታል፤ ሻጩ ያልሰበሰበውን ታክስ ገዢው ራሱ አስታውቆ እንዲከፍል የሚያዝ ሕግ ነው። የታይኮ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ዴኒስ ኮዝሎውስኪ በ2002 ኒው ዮርክ ውስጥ የተከሰሰው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው። የገዛቸው ሥዕሎች ኒው ዮርክ ያለው አፓርታማው ውስጥ ሆነው ሳለ ወደ ኒው ሃምፕሻየር የተላኩ እንዲመስሉ ባዶ ሣጥን ተልኳል፤ ያልተከፈለው ታክስ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ተብሎ ነበር። ሌላው አቋራጭ ነጋዴ ሳይሆኑ የነጋዴ የታክስ ነፃ ወረቀት ማቅረብ ነው። ሶዝቢስ ለሰብሳቢ ደንበኞቹ ይህን ፈቅዷል በሚል በኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ተከስሶ በ2024 ጉዳዩን የቋጨው 6.25 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው። ለ72 ዶላር ብለው ዘመድዎን እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ አያስገቡ።

ሂሳቡን ከመጨረሻው ይጀምሩ

መጀመሪያ ሊጠሩ ያሰቡትን ዋጋ ይዘው ወደ ላይ አይደምሩ። ከኪስዎ የሚወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ይወስኑና ወደ ኋላ ይሂዱ። ያለዎት 1,000 ዶላር ብቻ ነው እንበል። የመላኪያውን 25 ይቀንሱ፤ 975 ቀረ። ለታክሱ በ1.06 ያካፍሉ፤ 919.81 ይመጣል። ለኮሚሽኑ በ1.20 ያካፍሉ፤ 766.51 ይሆናል። ጣሪያዎ ይህ ነው። በዚህ ደረጃ በብዙ ድርጅቶች ጨረታው የሚጨምረው በ50 ዶላር ስለሆነ የመጨረሻ ጥሪዎ 750 ነው፤ ሁሉ ነገር ተደምሮም 979 ዶላር ይወጣዎታል። ቁጥሩን ጨረታው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ይጻፉት፤ ሌላ ሰው 800 ሲል ያቁሙ።

ለትርፍ ብለው ለሚገዙ ሰዎች የምነግራቸው ደስ የሚል ነገር የለኝም። በ1,297 ዶላር የገዙትን ሳንቲም መልሰው በሐራጅ ሲሸጡ ድርጅቱ ከሻጭ 10 በመቶ ቢወስድ፣ ያወጡትን ብቻ ለማስመለስ መዶሻው 1,441 ዶላር ላይ መውረድ አለበት። አዲሱ ገዢ ኮሚሽኑን ሲጨምር 1,729 ይከፍላል። እርስዎ ሲገዙ 1,200 ተብሎ የተመዘገበው ዋጋ በ44 በመቶ ካልጨመረ አንድ ዶላር አላተረፉም። ወደው ይግዙ፤ ቶሎ ለመሸጥ ብለው ግን አይግዙ።

ከዓመት በላይ አቆይተው ካተረፉ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ የአክሲዮን ትርፍን ቢበዛ 20 በመቶ ሲያስከፍል፣ የሳንቲም፣ የቴምብርና የጥንት ዕቃ ትርፍን እስከ 28 በመቶ ያስከፍላል። እዚህ ላይ የሚጠቅምዎት አንድ ነገር አለ፦ የከፈሉት ኮሚሽንና የሽያጭ ታክስ በግዢ ዋጋዎ ላይ ይደመራል፤ ስለዚህ ትርፉ የሚሰላው ከ1,000 ሳይሆን ቢያንስ ከ1,272 ተነሥቶ ነው። ይህን የሚያስረዳው ደግሞ ኢንቮይሱ ነው። ኮፒውን ከሳንቲሙ ጋር ያስቀምጡ፣ ፎቶውን ኢሜይልዎ ላይ ይላኩ፣ የት እንዳለ ለባለቤትዎ ይንገሩ። በስንት እንደገዙ ማስረዳት ካልቻሉ አይአርኤስ የገዙበትን ዋጋ እንደ ዜሮ ሊቆጥረው ይችላል።