የክርን ምት በቅርጫት ኳስ፦ ዳኛው ምን ይመዝናል?

ሚያዝያ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. የሎስ አንጀለስ ሌከርሱ ሜታ ወርልድ ፒስ ኳስ ካስቆጠረ በኋላ ደረቱን እየመታ ደስታውን ሲገልጽ፣ የተወረወረው ክርኑ የኦክላሆማ ሲቲ ተንደሩን ጄምስ ሃርደንን ጭንቅላት መታ። ሃርደን የአንጎል መናወጥ ደረሰበት፤ መቺው ከሜዳ ተባረረ፤ በኋላም ለ7 ጨዋታዎች ታገደ።

ለመሆኑ ዳኛ አደገኛውን የክርን ንክኪ ከተራው በምን ይለያል?

የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ከባድ ጥፋትን በሁለት ደረጃ ይከፍላል። ንክኪው አላስፈላጊ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ነው፤ አላስፈላጊም ከመጠን ያለፈም ከሆነ ግን ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ተጫዋቹን ያስባርራል። ዳኞች የተጫዋቹን ልብ ማንበብ ስለማይችሉ የሚታየውን ይመዝናሉ፦ የንክኪውን ብርታት፣ ክንዱ አስቀድሞ ወደ ኋላ መሳቡን፣ ከመታ በኋላ መቀጠሉን፣ እንዲሁም ጉዳት የማድረስ ዕድሉን። ለዚህም የተቀረጸውን ምስል ደግመው ይመለከታሉ።

የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕግ ደግሞ ጥሩ መለኪያ ይሰጠናል። ክርኑ ከመላው አካል ጋር ሲዞር እንደ ተለመደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል፤ ትከሻን ምሰሶ አድርጎ ከአካሉ ፈጥኖ ሲወረወር ግን ከመጠን ያለፈ ይባላል።

ይህን በፊዚክስ እንመርምረው። ክርኑ ከአካሉ የመዞሪያ ዘንግ 0.5 ሜትር ይራቅ፤ አካሉም በሴኮንድ 6 ራዲያን ይዙር እንበል። የክርኑ ፍጥነት 0.5 × 6 = 3 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ተጫዋቹ በተጨማሪ 0.3 ሜትር ርዝመት ያለውን የላይኛ ክንዱን ከትከሻው በሴኮንድ 10 ራዲያን ወደዚያው አቅጣጫ ቢወረውር፣ ሌላ 3 ሜትር በሴኮንድ ይጨመራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፤ የእንቅስቃሴ ጉልበት ግን ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ክርኑ የሚሸከመው ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል።

በዚህ ላይ የክርን ጫፍ ጠንካራና ጠባብ አጥንት ነው። ኃይሉ በትንሽ ስፋት ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ይበረታል። ጭንቅላትም በድንገት ሲሽከረከር በፈሳሽ የተከበበው አንጎል ከራስ ቅሉ እኩል ስለማይንቀሳቀስ ኅብረ ሕዋሱ ይለጠጣል።

ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ክርንን ከመጠን በላይ ማወናጨፍን፣ ማንንም ባይነካ እንኳ፣ በቴክኒካል ጥፋት የሚቀጣውም ስለዚህ ነው። ዳኛው ጉዳት እስኪደርስ አይጠብቅም፤ አደጋው የሚጀምረው ክርኑ አካልን ቀድሞ ሲፈጥን ነውና።