የሚለሰልስ የፍሬን ፔዳል፦ ምልክቱና ምክንያቱ



አሮጌ መኪና የያዘ ሰው «ፔዳሉ ለሰለሰብኝ፣ እንደ ስፖንጅ ሆነ» ሲል እንሰማለን። የሚሰጠውም መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «አየር ገብቶበታል፣ አየሩን አስወጣው!» ይህ መልስ አንዳንዴ ልክ ነው፤ አንዳንዴ ግን ሰው ይገድላል። አየሩ ከየት እንደገባ ሳይጠየቅ መኪናው ወደ መንገድ ይመለሳልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ምልክቱን ከምክንያቱ ለይተን እንመለከታለን።

ምሳሌያችን አሮጌው ቮልስዋገን ነው። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ቢቆምም በአዲስ አበባ መንገዶች ዛሬም አልፎ አልፎ ይታያል። ለትምህርት ይመቻል፤ እግርን የሚያግዝ መሣሪያ ስለሌለው ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬኑን መመርመር ይቻላል።

ሀ. መሠረቱ

በ8ኛም በ9ኛም ክፍል ብንማረው፣ የፓስካል ሕግ የምንለው ይኸው ነው፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ማስተር ሲሊንደሩ ዘይቱን ይገፋል። ዘይቱ በቱቦ አልፎ በየጎማው ያለውን ትንሽ ሲሊንደር ይገፋል። እሱም የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ፈሳሽ አልጨመቅም ይላል፤ አየር ግን ይጨመቃል። መስመሩ ውስጥ አየር ካለ ጉልበታችን መጀመሪያ የሚውለው አየሩን ለመጨመቅ ነው።

ይህን በክፍል ለማሳየት ሁለት አዲስ የመርፌ ሲሪንጅና አንድ ቀጭን ቱቦ ይበቃሉ። መርፌው ይወገድ፤ ከጤና ጣቢያ የተጣለ ሲሪንጅ በፍጹም አንጠቀም። በውኃ ሞልተን አንዱን ስንገፋ ሌላው ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ጥቂት አየር ጨምረን ስንደግመው ልስላሴውን ተማሪው በገዛ ጣቱ ያውቀዋል።

ለ. ሦስት ፈተናዎች

መኪናው በሜዳ ይቁም፣ ጎማው በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገድ።

1. ፔዳሉን ቀስ ብለን እንርገጥ። እየተለጠጠ የሚመልስ ከሆነ አየር መኖሩን እንጠርጥር። ያረጀ የላስቲክ ቱቦም ሲያብጥ ይህንኑ ይመስላል፤ ስለዚህ አንዱ ሲረግጥ ሌላው ቱቦዎቹን በዓይንና በእጅ ይመርምር።

2. ቶሎ ቶሎ ሁለት ሦስት ጊዜ እንርገጥ። መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ በሁለተኛው ከፍ ብሎ ድርቅ ካለ፣ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው ማስተካከል ነው። ከፍ ቢልም ልስላሴው ካልጠፋ ግን አየሩ አለ።

3. አንድ ደቂቃ ያህል በእኩል ኃይል ረግጠን እንያዝ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ ግፊቱ የሆነ ቦታ ያመልጣል። የጎማዎቹን ውስጠኛ ገጽና የማስተር ሲሊንደሩን ዙሪያ እንይ። እርጥበት ከሌለ፣ ማጠራቀሚያውም ካልጎደለ፣ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ አልቆ ዘይቱ በውስጥ እየተመለሰ ነው።

በድሮዎቹ ቮልስዋገኖች የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ከፈሰሰ አራቱም ጎማ የእግር ፍሬን ያጣል! በኋላ የወጡት ሁለት መስመር አላቸው።

ሐ. አየሩ ከየት መጣ?

አየር ዝም ብሎ አይገባም። ማጠራቀሚያው ጎድሎ ነበር፣ ወይም መስመሩ ተፈቶ ነበር፣ ወይም ጎሚኒ አልቋል። አየሩ ወጥቶ ከጥቂት ቀን በኋላ ፔዳሉ እንደገና ከለሰለሰ በሽታው እዚያው አለ ማለት ነው።

መ. አየሩን ማስወጣት

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። መሪው በግራ በሆነ መኪና ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው እንጀምራለን፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። በአየር ማስወጫው ብሎን ላይ ጥርት ያለ ቱቦ ሰክተን ጫፉን ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ እናጠልቃለን። አንዱ «ርገጥ» ሲል ሌላው ይረግጣል፤ ብሎኑ ይፈታል፤ «ያዝ» ተብሎ ብሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ አይለቀቅም፤ ከተለቀቀ አየሩን መልሶ ይስባል። አረፋው እስኪጠፋ ይደገማል፤ ማጠራቀሚያው በየመሃሉ ይሞላል።

ሦስት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ ከፔዳሉ ሥር እንጨት እናድርግ፤ በአሮጌ ማስተር ሲሊንደር ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ሲወርድ ጎሚኒው የዛገው ቦታ ደርሶ ሊቀደድ ይችላል። ሁለተኛ፣ የወጣውን ዘይት መልሰን አንጨምር። ሦስተኛ፣ «ዘይት ዘይት ነው» ተብሎ የሞተር ዘይት አይጨመር፤ ጎሚኒውን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል።

ሠ. ቁልቁለት ላይ ብቻ የሚለሰልስ ፔዳል

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ታምቡሩ ይግላል፤ ሙቀቱ ለዘይቱ ይተርፋል። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል። 3.7 ከመቶ ውኃ ሲስብ ግን ደረጃው 140 ዲግሪ ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ጋራዥ ሲደርስም «ምንም የለበትም» ይባላል። መድኃኒቱ ዘይቱን በሙሉ መለወጥ፣ ቁልቁለትም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው።

ከጥገና በኋላ ሦስቱም ፈተናዎች ይደገሙ፤ ከዚያ በሜዳ በዝግታ ይሞከር። ፔዳሉ የሚሰምጥ መኪና ተሳፋሪ አይጭንም፤ «እስከ ገበያ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

ለእኛ ለሠልጣኞችም ትምህርቱ ከጋራዥ ያልፋል። የተማሪ የተሳሳተ መልስ ምልክት ነው፤ አርመን ብቻ ካለፍነው ነገ ይመለሳል።

መልመጃ

1. ፔዳሉ በሁለተኛው ርግጫ ከፍ ብሎ ደረቀ። አየር ነው ወይስ ሸራ? ለምን?
2. ተረግጦ ሲያዝ ይሰምጣል፤ የትም እርጥበት የለም። የት እንፈልግ?
3. በሲሪንጁ ሙከራ አንዱን ትልቅ፣ ሌላውን ትንሽ ብናደርግ የትኛው የበለጠ ኃይል ይሰጣል? ሠርተን እንየው።