ዱባና ቅል፦ ጉብኝትን በድርሰት መግለጽ

ተማሪዎች! «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ዱባና ቅል ሐረጋቸው መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ቅጠላቸው ሰፋፊ የሆነ የአንድ ቤተሰብ ዕፀዋት ናቸው። ሆኖም የዱባ አበባ ቢጫ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ይፈካል። የቅል አበባ ግን ነጭ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይከፈታል። ዱባ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ሲሆን የቅል መነሻ አፍሪካ ነው። ተረቱን የተረቱት ሰዎች ልዩነቱን የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓሯቸው ነው። በዚህ ትምህርት የምትለማመዱትም ይህንኑ፣ ማለትም አይቶና ለይቶ መጻፍን ነው።

በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የተቀረጸ ዱባ ለትርኢት ይቀርባል። የዱባው ሆድ ዕቃ ተፍቆ ይወጣና ልጣጩ በሰው ፊት አምሳል ይቀረጻል፤ ውስጡም ሻማ ይበራበታል። ልማዱን ወደዚያ የወሰዱት የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው። በአገራቸው ሳሉ ግን የሚቀርጹት ከመሬት የሚቆፈር ሥራ ሥር ነበር። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ኪን በምትባል የኒው ሃምፕሸር ከተማ 30,581 የተቀረጹ ዱባዎች በአንድ ምሽት በርተዋል። የከተማይቱ ነዋሪ በዚያን ጊዜ ከ25,000 አይበልጥም ነበር። ከነዋሪው ቁጥር የሚበልጠውን ይህን ሁሉ ዱባ የቀረጹት ተማሪዎች፣ ቤተሰቦችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የተቀረጸ ዱባ ግን ብዙ ቀን አይቆይም፤ ይሻግታል፣ ይሟሽሻል።

በመተማና በቋራ ቆላ ዱባ የሚፈለገው ለወጥ ነው እንጂ ለትርኢት አይደለም። በዚህ አገር የሚፋቀውና የሚያጌጠው ቅል ነው። ቅል በሐረጉ ላይ ሳለ ልጣጩ እስኪጠነክር ይጠበቃል። ከዚያም አፉ ይቆረጥና ውሃ ተሞልቶ ይሰነብታል። ሥጋው ሲበሰብስ ይገለበጣል። የቀረውን ለማውጣት ጠጠር ጨምሮ መነቅነቅ፣ መራራነቱም እስኪለቅ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ጌጡ በቢላዋ ጫፍ በመጫር ወይም በጋለ ብረት በመተኮስ ይሠራል። እንዲህ የተዘጋጀ ቅል ዓመታት ያገለግላል፤ ቢሰነጠቅ እንኳ በክር ይሰፋል። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው፣ በግራና በቀኝ ሸክማቸውን አንጠልጥለው ሲሄዱ ያየ ሰው ሚዛን መጠበቅ ምን ያህል ጥበብ እንደሆነ ይረዳል።

ወደ ድርሰቱ እንለፍ። ትምህርት ቤታችሁ ለወላጆች በዓል የቅል ትርኢት አዘጋጀ እንበል። እናንተም በበጎ ፈቃድ ዕቃዎቹን ተቀብላችሁ እንድትደረድሩና ለእያንዳንዱ መግለጫ እንድትጽፉ ተመደባችሁ። ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቀው መግለጫው ነው። የሚከተለውን ተመልከቱ፦

«ቅል። የጥንት የባህል ዕቃ። ተፍቆና ተጌጦ ለውሃ መያዣነት ይውል ነበር።»

ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው «ነበር» የሚለው ረዳት ግሥ ነው። ቅሉን ያመጡት እናት ትናንት ማታ ውሃ ቀድተውበት ከሆነ፣ ይህች አንዲት ቃል የቆመ ኑሮን ያለፈ ታሪክ ታደርገዋለች። እርግጥ ነው፣ ጀሪካን በየቤቱ ገብቷል፤ የቅልን ቦታም በብዙ ስፍራ ወስዷል። ይሁን እንጂ «ነበር» ብሎ ለመጻፍ በመጀመሪያ ባለቤቷን መጠየቅ ይገባል። «እማማ፣ ዛሬም ይጠቀሙበታል? በቋንቋዎስ ምን ይሉታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የጉሙዝኛውን ስም እንደ አነጋገራቸው ጻፉት፤ ከአማርኛው ጎንም አስቀምጡት። አማርኛም ቢሆን ሁሉን «ቅል» ብሎ አያልፍም፤ ሽክና አለ፣ አንኮላ አለ። ዕቃው ከቤት ሲወጣ ስሙም አብሮት ይወጣልና ስሙን በትክክል መዝግቡ።

ሁለተኛው ጉድለት በተደራጊ ግሥ ይገኛል። «ተፍቆ»፣ «ተጌጦ» ሲባል ሥራው ይታያል፤ ሠሪው ግን አይታይም። እኛም ከላይ ስለ ቅል አዘገጃጀት ስንጽፍ «ይቆረጣል»፣ «ይገለበጣል» ብለናል። አጠቃላይ የአሠራር ቅደም ተከተል ስለሆነ በዚያ ቦታ ተገቢ ነው። በፊታችሁ የተቀመጠውን አንድ ቅል ስትገልጹ ግን የፋቀው ሰው አለና አድራጊውን ግሥ ምረጡ፦

«ይህን ቅል ያበቀሉት፣ የፋቁትና በጋለ ብረት ያስጌጡት በቋራ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ዛሬም ውሃ ይቀዱበታል።»

የአክብሮት አንቀጹን ልብ በሉ፦ «ያበቀለችው» ሳይሆን «ያበቀሉት»። ለሐኪምና ለዳኛ የምንሰጠውን የአነጋገር ወግ ቅል ለሚፍቁ እናት የምንነፍግበት ምክንያት የለም።

አዲስ አበባ ለመሄድ ዕድል የሚያጋጥማችሁ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የልዩ ልዩ ሕዝቦችን የቤት ዕቃዎች መጎብኘት ትችላላችሁ። እዚያም ከዕቃው ቀጥሎ መግለጫውን አንብቡ፤ ግሦቹንም መርምሩ።

መልመጃ። ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤት አንድ በእጅ የተሠራ ዕቃ ምረጡ። ባለቤቱን ወይም ሠሪውን ጠይቃችሁ በመጀመሪያ ሦስት ዐረፍተ ነገር የማይበልጥ መግለጫ ጻፉ። ቀጥሎም ስለ አሠራሩ አንድ አንቀጽ በተደራጊ ግሥ፣ ስለ ሠሪው ደግሞ አንድ አንቀጽ በአድራጊ ግሥ አዘጋጁ። «በአገሩ ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚለውን ተረት ትርጉም ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት፤ የተስማማችሁበትንና ያልተስማማችሁበትን ለየብቻ ጻፉ። ድርሰታችሁን ለመምህራችሁ ከማስረከባችሁ በፊት ለጠየቃችኋቸው ሰው አንብቡላቸው፤ የሚያርሙትንም አርሙ።